የአኳሪየም ውሃ፦ ማሳደር፣ ጠብታ፣ ካርቦን ወይስ አር ኦ?

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ የሳሎኑን መጋረጃ ስገልጥ ኒዮን ቴትራዎቼ በሙሉ ውሃው አናት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ማታ ሩብ ያህል ውሃ ቀይሬላቸው ነበር የተኛሁት። ውሃው ክሎሪን በሚያወጣ የካርቦን ማጣሪያ ያለፈ ነው። የቲ ዲ ኤስ መለኪያዬን ከተትኩ። እንደ ወትሮው 140 አለኝ። «ማጣሪያው ደህና ነው» ብዬ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ስፈልግ ዋልኩ። ሂተሩን ነካካሁ፣ ምግቡን አሸተትኩ። ከቀትር በኋላ ነው የክሎሪን መመርመሪያ ጠብታ ያገኘሁት። ሁለት ሦስት ጠብታ እንደጨመርኩ በብልቃጡ ያለው ውሃ ቢጫ ሆነ፤ ክሎሪን አለበት ማለት ነው። ካርቦኑ አልቆ ነበር። «ሁለት ዓመት ይቆያል» ተብሎ የተሸጠልኝ ካርቦን በስምንት ወሩ አለቀ። ከ14 ዓሦች የተረፉት 5 ናቸው።

የቲ ዲ ኤስ መለኪያ ክሎሪንን አያይም። እሱ የሚቆጥረው ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨውና ማዕድን ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ ገና ጠዋት ዓሦቹን ወደ ሌላ ውሃ አዛውራቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ማጣሪያ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሲበላሽ ቀድሞ የሚያውቀው ማነው? እኔ ወይስ ዓሣው? የቧንቧ ውሃን ለዓሣ የምናዘጋጅባቸውን፣ ከዚህ በታች ያሉትን አራት መንገዶች ያወዳደርኩትም ከምንም በላይ በዚህ ነው።

መመዘኛዎቹ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን በወረቀት ጻፉ።

አንደኛ፣ ከውሃው ምን ማውጣት ነው የምትፈልጉት? ክሎሪን፣ ጭቃና ማዕድን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን የሚያወጣ ሌላውን ላይነካው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ዓሣችሁ ምን ዓይነት ውሃ ይወዳል? ጋፒና ሞሊ ማዕድን ያለበት ውሃ ይስማማቸዋል። ከማላዊና ከታንጋኒካ ሐይቅ የመጡት ሲክሊዶች፣ የኛ ቆሮሶ ዘመዶች፣ ጠንካራ (ማዕድን የበዛበት) ውሃ ነው የሚፈልጉት። ጎልድ ፊሽ ብዙም አይመርጥም። ኒዮን ቴትራና ዲስከስ ግን ለስላሳ (ማዕድኑ ያነሰ) ውሃ ይወዳሉ።

ሦስተኛ፣ የቧንቧችሁ ግፊት ስንት ነው? ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው? አራተኛ፣ ወር በወር ምን ያስወጣል፤ መለዋወጫውስ እዚሁ ይገኛል? አምስተኛው ያው የመጀመሪያው ጥያቄዬ ነው፦ ብልሽቱ በምን ይታወቃል?

መጀመሪያ ውሃችሁን እወቁ

የአዲስ አበባ ውሃ ከአንድ ቦታ አይመጣም። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ነው። በአቃቂ በኩል ያለው የጉድጓድ ውሃ ነው። የግድቡ ውሃ ማዕድኑ ትንሽ ነው፤ የጉድጓዱ ይበዛል። ሰፈራችሁ ከየትኛው እንደሚያገኝ ባታውቁ ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና ውስጡን እዩት። ነጭ ቅርፊት ከጋገረ ውሃችሁ ጠንካራ ነው። ሳሙና እንቢ ብሎ አረፋ ካላወጣም እንደዚያው።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያለው የጉድጓድ ውሃ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ቦታ ፍሎራይድና ካርቦኔት ይበዛበታል፣ ፒ ኤቹም (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) ከፍ ይላል። እዚያ ለምትኖሩ ምክሬ ይለያል፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የሮቶውንም ነገር አትርሱ። ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ለመጠጥ ብሎ ሮቶው ውስጥ በረኪና ወይም ውሃ አጋር ጨምሮ ይሆናል። ለሰው ደግ ነው፤ ለዓሣ መርዝ ነው። ለመጠጥ በሊትር እስከ 5 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይፈቀዳል። ዓሣን ግን ከ0.1 ሚሊ ግራም በታችም ይጎዳዋል። ጆንያ ሙሉ እህል ከእፍኝ ጋር እንደማወዳደር ነው። የቦቴ ውሃ ከገዛችሁም በየጊዜው መርምሩት፤ የዛሬው ቦቴ ከትናንቱ ቦታ ላይቀዳ ይችላል።

ማሳደር

ይህ የሁላችንም መጀመሪያ ነው። ውሃውን በክፍት ባልዲ ወይም በርሜል ታስቀምጡታላችሁ። ክሎሪኑ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ተኖ ይወጣል። ኤር ፓምፕ ካስገባችሁበት ይፈጥናል። ጭቃው ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ሙቀቱም ከቤቱ ጋር ይስተካከላል። በሐምሌና በነሐሴ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ለምታውቁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማሳደር የማይሠራው መቼ ነው? በጠባብ አፍ ጀሪካን፣ ያውም ክዳኑ ተገጥሞ ካደረ ክሎሪኑ መውጫ የለውም። በተከደነ በርሜልም እንዲሁ። ሮቶው በረኪና ከበዛበት ሁለት ቀን ላይበቃው ይችላል። ክሎራሚን የሚባለው የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ ካለ ደግሞ ሳምንት ቢያድር እንኳ በዚህ መንገድ አይለቅም።

ፓምፑን የማሳስበው በሌላ ምክንያትም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ መያዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ላይ «20 ዓሣ ይበቃዋል» የሚል ካያችሁ 15 ብላችሁ አንብቡት። በርሜል ውስጥ ረግቶ የቆየ ውሃም ከመቀየሩ በፊት ቢንቦጨቦጭ ጥሩ ነው።

ብልሽቱ በምን ይታወቃል? የሚበላሽ ዕቃ የለውም። የሚሳሳተው ሰው ነው፤ በችኮላ ሳያድር መጨመር።

ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ

በጠርሙስ የሚሸጠው ክሎሪን ማጥፊያ አብዛኛው ውስጡ ሶዲየም ቲዮሰልፌት ነው። ድሮ ፎቶ ቤቶች ፊልም ሲያጥቡ «ሃይፖ» የሚሉት ያው እሱ ነው። ክሎሪንን በደቂቃዎች ውስጥ ያጠፋል። ማዕድኑን አይነካም፣ ጭቃውንም አያወጣም።

ክሪስታሉን ካገኛችሁ ሒሳቡ ቀላል ነው። ለ1 ሚሊ ግራም ክሎሪን 7 ሚሊ ግራም ያህል ይበቃል። 10 ግራም ክሪስታል በ100 ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ አሟሙ። ከዚያ ለ10 ሊትር የቧንቧ ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። በሊትር 1 ሚሊ ግራም ክሎሪን ላለው ውሃ ይህ ትርፍ አለው። በረኪና ለገባበት ሮቶ ግን አይበቃም። መጀመሪያ በመመርመሪያ እዩት። በእጥፍ ብትሳሳቱ ዓሣውን አይጎዳውም፤ ብታሳንሱ ነው ጉዳቱ። ድብልቁን በጥቁር ጠርሙስ ጨለማ ቦታ አኑሩትና በየሁለት ወሩ አድሱት።

እዚህ በብዛት የማየው ስህተት አንድ ነው። ሰው ውሃውን ከቧንቧ ቀጥታ ወደ አኳሪየሙ ይለቃል፤ ጠብታውን ደግሞ በአዲሱ ውሃ ልክ ብቻ ይለካል። ቀጥታ የምትጨምሩ ከሆነ በጠቅላላው አኳሪየም ልክ ለኩ፤ ከውሃውም በፊት ጠብታው ይቅደም። በባልዲ ካዘጋጃችሁ ግን የባልዲው ልክ ይበቃል።

ካርቦን ማጣሪያ

ከቧንቧው ጋር የሚገጠም አንድ ወይም ሁለት ረጅም ኩባያ ነው። የመጀመሪያው ጭቃ ይይዛል፣ ሁለተኛው ካርቦን ነው። ሥራ ለበዛበትና አኳሪየሙ ተለቅ ላለ ሰው በጣም ይመቻል። ቧንቧ ከፍቶ መሙላት ነው፣ በቃ።

አንድ ነገር ልለይ። አኳሪየሙ ውስጥ ባለው ፊልተር የምትከቱት ካርቦን ለዚህ አይሆንም። ውሃው እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት ዓሣው ክሎሪኑን ስቦታል።

ካርቦን ጊዜ ይፈልጋል። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ብታስሮጡት ክሎሪኑ ሳይያዝ ያልፋል። ቀጭን አድርጋችሁ ልቀቁት። አዲስ ሲገጠም ጥቁር ዱቄት እስኪጠራ ድረስ የመጀመሪያውን ውሃ ድፉ። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ የሚወርደውን ቡናማ ድፍርስም ማጣሪያው ውስጥ አታስገቡት፤ በሌላ ቧንቧ አፍስሱት። ክረምት ላይ የጭቃ ማጣሪያው በጥቂት ሳምንት ሊዘጋ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሥራውን ሠርቶ ነው።

ትልቁ ችግሩ ያው በራሴ ላይ የደረሰው ነው። ካርቦን ሲያልቅ ድምፅ የለውም። ውሃው እንደጠራ ነው፣ ግፊቱ እንዳለ ነው፣ ቲ ዲ ኤሱም አይለወጥም። ዕድሜው የሚቆጠረው ባለፈው ውሃ መጠንና በክሎሪኑ ብዛት ስለሆነ «ሁለት ዓመት» ወይም «ስድስት ወር» የሚለው ግምት ነው።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። ሁለት ካርቦን በተከታታይ አስገጥሜያለሁ፤ በመካከላቸው ትንሽ ቧንቧ አለች። ውሃ በቀየርኩ ቁጥር ከመካከሉ በብልቃጥ ቀድቼ የክሎሪን ጠብታ እጨምርበታለሁ። ቀለም ካላወጣ የመጀመሪያው ካርቦን በሕይወት አለ። ቢጫ ካለ አልቋል፤ ግን ሁለተኛው ገና ዓሣዬን እየጠበቀልኝ ነው። ያኔ ሁለተኛውን ወደ መጀመሪያው ቦታ አዞርና አዲስ ገዝቼ ከኋላው እገጥማለሁ። ለተጨማሪ ኩባያ፣ ለአንድ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) እና ለትንሽ ቴፍሎን የወጣው ገንዘብ ከአንድ ጥንድ ዲስከስ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አር ኦ

አር ኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) ውሃውን በግፊት ሜምብሬን በሚባል በጣም ረቂቅ ወንፊት ያሳልፈዋል። ጨውን፣ ኖራን፣ ፍሎራይድን፣ ከ95 እስከ 98 በመቶ የሚሆነውን የሟሟ ነገር ያስቀራል። ከአራቱ ማዕድን የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። ዋጋውም፣ ጣጣውም የዚያኑ ያህል ነው።

በመጀመሪያ ግፊት። ሜምብሬን በደህና ለመሥራት ቢያንስ 3 ባር ያህል ይፈልጋል። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ በ4 ሜትር ማማ ላይ ያለ ሮቶ 0.4 ባር ነው። «አር ኦዬ ጠብ ጠብ ብቻ ይላል» የሚሉኝን ሰዎች መጀመሪያ የምጠይቀው ሮቶው የት እንዳለ ነው። መፍትሔው ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ነው። አዲስ ሜምብሬን ብትገዙለት ለውጥ የለውም።

ቀጥሎ ቅዝቃዜ። ዕቃው ላይ «በቀን 284 ሊትር» የሚለው ውሃው 25 ዲግሪ ሲሆን ነው። በየዲግሪው 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ውሃው 17 ዲግሪ ከሆነ ሩቡ ጠፋ ማለት ነው። ክረምት ላይ የቀነሰ አር ኦ የታመመ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ የሚደፋው ውሃ። 1 ሊትር ለማግኘት 3 ወይም 4 ሊትር ይፈሳል፤ ግፊቱ ሲያንስ ይብሳል። በሳምንት 40 ሊትር ከፈለጋችሁ ከ120 እስከ 160 ሊትር የሚፈስ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ዝም ብሎ ፍሳሽ ውስጥ መልቀቅ ከባድ ነው። በበርሜል ያዙትና ለልብስ፣ ለወለል፣ ለሽንት ቤት ተጠቀሙበት።

የማዕድኑ ነገር ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። የአር ኦ ውሃ ባዶ ነው። ፒ ኤችን ደግፎ የሚይዘው ካርቦኔት የለውም። ብቻውን ከሞላችሁት አኳሪየሙ ለጥቂት ሳምንት ደህና ይመስላል፤ ከዚያ ፒ ኤቹ በድንገት ይወርድና ዓሣው ይዝላል። ቀላሉ መንገድ ክሎሪኑ ከወጣለት የቧንቧ ውሃ ጋር መቀላቀል ነው። የቧንቧው ቲ ዲ ኤስ 150 ከሆነ እኩል በእኩል ሲቀላቀል 80 ገደማ ይሆናል። ለኒዮን ቴትራ ግሩም ነው።

ጥሩ ጎኑ፣ ሲበላሽ ይናገራል። በቲ ዲ ኤስ መለኪያ ሁለት ቁጥር ብቻ ያዙ፦ የሚገባውና የሚወጣው። 150 ገብቶ 6 ከወጣ 96 በመቶ እያስቀረ ነው። 150 ገብቶ 30 ከወጣ 80 በመቶ ላይ ወርዷል። ሜምብሬን ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ግን በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

10 ደቂቃ አፍስሱና እንደገና ለኩ። ቆሞ ካደረ አር ኦ የሚወጣው የመጀመሪያ ውሃ ሁልጊዜ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከዚያ ግፊቱን እዩ፤ የጭቃ ማጣሪያው ተዘግቶ ይሆናል። ቀጥሎ የሜምብሬኑን ማቀፊያ ክፈቱና ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) በደንብ መቀመጡን አረጋግጡ፤ ትንሽ ከተጣመመ ጥሬው ውሃ በጎን ያልፋል። የፍሳሽ ቱቦውን ደግሞ በእጃችሁ ያዙት። ምንም የማይፈስ ከሆነ የፍሳሹ መገደቢያ ተደፍኗል፤ ጨው ሜምብሬኑ ላይ እየተጋገረ ነው። በርሜሉ ሞልቶም ፍሳሹ ካላቆመ ማቆሚያ ቫልቩ ወይም መመለሻ ቫልቩ ነው። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ቁጥሩ ካልወረደ፣ ያኔ ሜምብሬኑ አርጅቷል። ከፊቱ ያለው ካርቦን ካለቀም ክሎሪኑ ሜምብሬኑን ይበላዋል፤ አዲስ ሜምብሬን ባለቀ ካርቦን ላይ አትግጠሙ።

የወጥ ቤት መጠጥ አር ኦ ያላችሁ ሌላ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ውሃውን ማዕድን ከሚመልሰው ኩባያ በፊት ቅዱት። አብሮ የሚሸጠው ዩ ቪ መብራት ክሎሪን ለማውጣት የተሠራ አይደለም፤ ለዚህ ብላችሁ አትክፈሉ።

የታሸገ ውሃ በየሳምንቱ መግዛት ለትንሽ ገንዳ ካልሆነ አያዋጣም፤ ማዕድኑም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ማፍላት ክሎሪኑን ያወጣል፤ ኦክስጅኑንም አብሮ ስለሚያወጣ ቀዝቅዞ መንቦጭቦጭ አለበት።

በአንድ እይታ

| መንገድ | ክሎሪን | ማዕድን | የሚፈልገው | ወጪ | ብልሽቱ የሚታወቀው |
|---|---|---|---|---|---|
| ማሳደር | ያወጣል | አይነካም | ቦታ፣ 1–2 ቀን | ከሁሉ ያንሳል | የሚበላሽ የለውም |
| ጠብታ | ያጠፋል | አይነካም | ትክክለኛ ልክ | ትንሽ | በክሎሪን ምርመራ |
| ካርቦን | ያወጣል | አይነካም | ቀስ ያለ ፍሰት | መካከለኛ | በክሎሪን ምርመራ ብቻ፤ በራሱ ዝም ይላል |
| አር ኦ | በካርቦኑ ያወጣል | ያወጣል | 3 ባር፣ የሚደፋ ውሃ | ከሁሉ ይበልጣል | በቲ ዲ ኤስ፣ በፍሰቱ |

ጥፋተኛው ማጣሪያው ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ሰዓቱን ተመልከቱ።

ውሃ በተቀየረ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ዓሣው ከተወራጨ ወይም አናት ላይ ከወጣ ክሎሪን ነው፤ ወይም የሙቀት ልዩነት። ማጣሪያውን ጠርጥሩ።

በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ከመጣና ሰሞኑን የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት አሞኒያ ነው። ስፖንጁ ላይ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በክሎሪኑ አልቀዋል። ስፖንጅ የሚታጠበው ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ነው። መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣም ባክቴሪያዎቹ ታፍነው ይሆናል፤ ፊልተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ስፖንጁን እንዲሁ አለቅልቁት።

ሌሊት እየባሰ፣ ጎህ ሲቀድ ዓሣው አናት ላይ እየታየ፣ ረፋድ ላይ የሚሻለው ከሆነ ኦክስጅን አንሶታል። ዕፅዋቱም በጨለማ ኦክስጅን ይጋራሉ። ኤር ፓምፑ ሌሊቱን ይሥራ።

ለማን የትኛው?

አንድ ገንዳ፣ ጥቂት ጋፒ ወይም ጎልድ ፊሽ፣ ትንሽ በጀት፦ ክፍት በርሜልና ኤር ፓምፕ። ለድንገተኛ ቀን አንድ ጠርሙስ ጠብታ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ለዚህ ቤት አር ኦ የሚሸጥላችሁ ካለ እንቢ በሉት።

ተከራይ ከሆናችሁ ወይም ቧንቧ መነካካት ካልተፈቀደላችሁ፦ ጠብታ።

ከ150 ሊትር በላይ አኳሪየም፣ ጊዜ የሌለው ሰው፦ ሁለት ካርቦን በተከታታይ፣ ከክሎሪን መመርመሪያ ጋር። መመርመሪያውን ለመግዛት ገንዘብ ካጠረ ካርቦኑንም አትግዙ፤ ጠብታ ይሻላችኋል።

ዲስከስ ለማሳደግ ወይም ቴትራ ለማራባት ለምትፈልጉ፣ የጉድጓድ ውሃችሁ ጨዋማ ለሆነ የስምጥ ሸለቆ ነዋሪዎችም፦ አር ኦ ከፓምፕ ጋር። ሲክሊድ የምታረቡ ግን ያን ጠንካራ ውሃ አትጣሉት። ዓሣው የሚፈልገው እሱኑ ሊሆን ይችላል፤ ክሎሪን ካለው ብቻ አውጡለት።

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ወገኖች፣ የከተማችሁ ውሃ የሚታከመው በክሎራሚን ነው። በየጸደዩ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ተራ ክሎሪን ይመለሳል። እናቶቻችን እዚህ በባልዲ የሚያሳድሩት ዘዴ እዚያ አይሠራም። ትንሽ ካርቦንም አይበቃውም። ተራ ቲዮሰልፌት ደግሞ ክሎራሚኑን ሲሰብረው አሞኒያውን ለዓሣው ይተውለታል። ጠርሙሱ ላይ ክሎራሚንንም አሞኒያንም እንደሚይዝ የተጻፈበትን ግዙ። በሌላ ከተማ የምትኖሩ የውሃ ድርጅታችሁ ጋ ደውሉና ክሎሪን ነው ወይስ ክሎራሚን ብላችሁ ጠይቁ፤ ይነግሯችኋል።